በወሬ ያጠጣሁት ማሳ

ዘሀራ ታላቅ እህቴ ናት። ሀዋ የእሷ ልጅ ናት፤ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ሸዋ ሮቢት ከተማ ቤት ተከራይታ ልትማር ተዘጋጅታ ነበር። አሊ አብሮ አደጌ ነው፤ ከሰዓት ከሰዓት ተሰብስበን ጫት የምንቅመው በእሱ ቤት ነበር። ጋሽ ሽፈራው ከማሳችን በታች የሚያርሱ፣ የውሃ ሞተር የነበራቸው ጎረቤት ናቸው። የቀረሁት እኔ፣ ሰይድ ነኝ።

ይህን ያስታወሰኝ ልጄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ከመጣ ወዲህ ቀኑን ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይውላል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ደክሞኝ ገባሁና እጄን እንኳ ሳልታጠብ፣ "አንተ ልጅ፣ ምን ልትሆን ነው?" አልኩት።

"አባ፣ ገና ራሴን እየፈለግኩ ነው" አለኝ። ከፍራሹ ቀና አላለም።

ልቆጣው ነበር፤ ድካሙ ቀደመኝ። ቁጭ ብዬ እኔ ራሴን የት እንዳገኘሁት አሰብኩ።

በእኛ ቆላ ከሰዓት በኋላ ለሥራ የተፈጠረ አይመስልም። ወደ ደሴ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች እንኳ ጥላ ፈልገው አስፋልቱ ዳር ይቆማሉ። እኛም የማሽላ እንጀራችንን በማሾ ወጥ በልተን፣ ዙህር ሰግደን፣ ቅጠላችንን ታቅፈን አሊ ቤት እንገባለን። ሙቀቱ ምክንያታችን ነበር። ምርቃናው ሲመጣ ወፍጮ እንተክላለን፣ የጭነት መኪና እንገዛለን፤ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሁሉም ይፈርሳል። ጫት ጊዜ ይበላል ይላሉ። ጊዜ መብላቱስ ይቅር፤ የከፋው ያልሠራኸውን የሠራኸው ያህል ማርካቱ ነው።

በዚያ በጋ ዘሀራ ያላትን ሁሉ ሽንኩርት ላይ አፍስሳ ነበር። የሀዋ ቤት ኪራይም፣ ቀለብም፣ ደብተርም ከዚያው ማሳ ነው የሚጠበቀው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የማጠጣላት እኔ ነኝ። የመስኖው ውሃ የሚደርሰው በተራ ስለሆነ፣ ተራህን ካሳለፍክ ገበሬው ሁሉ እስኪዳረስ ትጠብቃለህ። የእኛ ተራ ከሰዓት ላይ ወደቀ።

አሊ ቤት እንደተቀመጥኩ፣ "ልሂድ፣ ውሃው ይደርሳል" አልኩ።

"ቁጭ በል ሰይዶ! ውሃ ሽቅብ አይሄድ፤ የት ይጠፋብሃል?" አለ አሊ።

ሳቅን። ከዚያ ማሳውን እንዴት እንደማጠጣው ላስረዳው ጀመርኩ። ቦዩን የት እንደምቆርጥ፣ የትኛውን መደብ እንደማስቀድም፣ በአካፋ የቱን እንደምደፍን ነገርኩት። እሱ እያረመኝ፣ እኔ እያስተካከልኩ፣ ማሳውን መደብ በመደብ አዳረስነው። ስወጣ እግሬ የረጠበ መስሎኝ ነበር።

"አጠጣህልኝ?" አለች ዘሀራ።

"አጠጣሁ" አልኳት። ውሸት አልመሰለኝም።

ጠዋት ከማሳው ተመልሳ ደጄ ላይ ቆመች። "ወንድሜ፣ አጠጣሁ ያልከውን መሬቱ አልሰማም" አለች። አልጮኸችም። ሀዋ ከኋላዋ ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች።

ሽንኩርቱ ራሱን የሚሞላበት ወቅት ስለነበር ተራው እስኪመለስ አይቆይም። የቀረን የጋሽ ሽፈራው ሞተር ብቻ ነበር፤ እሱም ከተበላሸ ሰንብቷል። ሄጄ ለመንኳቸው።

"ይነሳል፣ ይጮሃል፣ ውሃ ግን አይስብም። ሞተር ታውቃለህ እንዴ?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው እኩል ነን። ካዳንከው ነዳጁ ከእኔ፤ በመጀመሪያ የእህትህን አጠጣ።"

ወንዙ ዳር ከሞተሩ ጋር ከሰዓቱን መዋል ጀመርኩ። ጫቱን መተው እንደማወራው ቀላል አልነበረም። እንቅልፌ ዱካክ ሆነ፤ አንዳች ነገር ደረቴ ላይ እየወጣ ያቃዠኛል። ቀን አገጬ ባዶውን ያኝካል። እጄን የማደርግበት ስላጣሁ ሞተሩን ፈታሁት። ብሎኑን በአወጣጡ ተራ ጆንያ ላይ ደርድሬ መልሼ ገጠምኩት። አሁንም አይስብም።

አሊ ቅጠሉን በብብቱ ይዞ መጣ።

"ሰይዶ፣ ይሄ ብረት ምን አስቀመሰህ?"

"ዛሬም አልመጣም፣ አሊ።"

"ትናንትም ቦታህን ይዤልህ ዋልኩ። ቤቴ ሸተተህ?"

"ቤትህ አይደለም፤ ሰዓቱ ነው።"

"ሰዓት! እኛ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰዓት ያለን?" ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ፊቱ ተለወጠ። "ወላሂ ንቀኸናል። በል፣ ከብረትህ ጋር ተጫወት" ብሎ ሄደ።

አልጠራሁትም። ብጠራው አብሬው እሄድ ነበር።

ብዙ ቆይቼ ወደ ወንዙ የተዘረጋውን ቱቦ አየሁት። አንዱን ጫፍ ደፍኜ ውሃ ሞላሁበት። ከመጋጠሚያው ሥር፣ ፀጉር ከምታክል ስንጥቅ፣ ጠብ ጠብ አለ። ውሃ በሚወጣበት አየር ይገባል፤ ለካ ሞተሩ ሲስብ የከረመው አየር ነው። ጤነኛውን ስፈታ ሰንብቻለሁ! ስንጥቁን በአሮጌ ጎማ ላስቲክ ጠምጥሜ አሰርኩት። ሞተሩ ሲነሳ ውሃው ማሳው ላይ ተዘረገፈ። ጋሽ ሽፈራው "እሰይ! እሰይ!" እያሉ ቦዩን ተከትለው እንደ ጎረምሳ ሮጡ።

ግን ዘግይቷል። ማሳው እኩሌታው ብቻ ዳነ።

ሰው ክፉ ልማዱን የሚተወው ዓላማ ሲያገኝ ነው ይባላል። እኔ ላይ ግን የሆነው ተገላቢጦሹ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ባዶ ከሰዓት ነበር፤ ዓላማዬም ያንን የሞላሁበት ሥራ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እስከ ማጀቴ ከተማ ድረስ እየዞርኩ የውሃ ሞተር ስጠግን ኖርኩ። ፊደል የቆጠርኩትም ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ብዬ ነው። ዛሬ ጆሮዬ ከጩኸቱ ብዛት ደንዝዟል፤ ወገቤም አልታዘዝ ብሎኛል። አሊም ቢሆን አልጠፋም፤ ዛሬም ይቅማል፣ ልጆቹንም በደንብ አሳድጓል። የቃመ ሁሉ ይጠፋል ብዬ አልዋሽም። ብቻ የእሱ ሞተር ሲበላሽ፣ ባጃጅ ላይ ጭኖ፣ ቤቴን አልፎ ሌላ ሰው ጋ ይወስደዋል።

ትናንት ልጄን አስነሥቼ አንድ ነገር ነገርኩት። "ራስህን ፈልግ፤ አልከለክልህም። ግን አንተ ስትፈልግ ሌላ ሰው እየከፈለልህ ነው" አልኩት። ለእኔስ ማን ከፍሎልኝ እንደነበር ጠየቀኝ፤ ቆጠርኩለት።

ጋሽ ሽፈራው ለራሳቸው ማሽላ ያኖሩትን ነዳጅ በእኛ ሽንኩርት ላይ ጨረሱ። አሊ እኔን አጣ፤ እኔም አሊን። ዘሀራ የማሳዋን እኩሌታ አጣች። ሀዋ ለከርሞ ትማራለች ተባለ፤ ለከርሞ ተዳረች።