የመንገደኞች ገጽ

ወሬው የደረሰኝ የሲኞራን ፀጉር ሳበጥር ነው። ሲኞራ የማስታምማቸው አሮጊት ናቸው፤ ባሪ በምትባል የጣሊያን የወደብ ከተማ እሳቸው ቤት እኖራለሁ፣ እሳቸው ቤት እሠራለሁ። ስልኬ መስኮቱ ደፍ ላይ ጮኸ። የልጅነት ጓደኛዬ ዘይነባ ከጅማ የድምፅ መልእክት ልካልኝ ኖሯል። ዘይነባ ሰላምታ አታሳጥርም፤ ጤናዬን፣ ብርዱን፣ የሲኞራን ጉልበት ሳይቀር ጠይቃ ነው ወደ ጉዳይዋ የምትገባው። የዚያን ቀን ግን «ሰኒ፣ አልበሙ ውሃ ገባበት» ብላ ጀመረች። ቀጥሎ የሰማሁት ለቅሶዋን ነው።

ማበጠሪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሲኞራ በመስተዋቱ አይተውኝ ማን ሞተብሽ አሉኝ። ማንም አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ሰው አልሞተም፣ ቤት አልተቃጠለም። የራሰው የቴምብር አልበም ነው። ይህን እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? ማበጠሬን ቀጠልኩ።

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ነበሩ ስል አሁንም አሉ፤ የሌለው ፎቶ ቤቱ ነው። ቤታችን ከእሳቸው ቤት አጥር ይጋራ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በፎቶ ቤታቸው በረንዳ ላይ ቴምብር የሚሰበስብ ሁሉ ይቀመጣል፤ የኮሌጅ ተማሪው፣ አስተማሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ከጎንደር የመጣው፣ ከአርባ ምንጭ የመጣው። ከውስጥ የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ኮምጠጥ ያለ ሽታ ይመጣል፤ ከመንገዱ ማዶ ካለው የቡና መፈልፈያ ደግሞ የገለባው ሽታ። ዝናብ ሲጀምር ቆርቆሮው ስለሚንጫጫ ሁሉም እየጮኸ ያወራል። ዝናቡ ካባራ በኋላም ጩኸቱ አይቆምም፤ ማን ቀድሞ ድምፁን ዝቅ ያድርግ?

ዋናው ጯሂ የዘይነባ አባት ሐጂ ከማል ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቡና ነጋዴ ስለነበሩ ከጅዳም ከሌላም አገር ደብዳቤ ይመጣላቸዋል፤ የሚያምረው ቴምብር ሁሉ የሚገኘው እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ያንን የደረት ኪሳቸውን መታ መታ እያደረጉ «ያ ኢጆሌ፣ እናንት ልጆች፣ ዛሬ ምን ይዤ እንደመጣሁ ብታውቁ ቁርሳችሁ አይወርድላችሁም ነበር» ይሉናል። እኛ ልጆቹ እንከባቸዋለን። ጋሽ ታደሰ ግን ቸኩለው አያውቁም። አጉሊ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ ቴምብሩን በወረንጦ አንሥተው፣ ዙሪያውን የጥርሱን ረድፍ ይመረምራሉ።

«ሐጂ፣ ይሄ እኮ እታች ጥርሱ ረግፏል። በደህናው ሊለውጡኝ ነው ያሰቡት?»

«ኦቦ ታደሰ፣ የኔስ መች ቀረልኝ? በል እኔንም አውጥተህ ጣለኛ!» ብለው አፋቸውን ከፍተው ያሳያሉ።

በረንዳው ላይ ሕግ ነበረ። ቴምብር በጣት አይነካም፤ የነካ የዚያን ቀን አይለዋወጥም። ከፖስታ ላይ ማላቀቂያው ደግሞ የፎቶ ማጠቢያው ሳህን ነው። ለብ ያለ ውሃ ይደረግና የተቆረጠው ፖስታ ይነከራል፤ ከዚያ መጠበቅ ነው። «አትጎትቱት፤ ራሱ ይልቀቅ» ይሉን ነበር ጋሽ ታደሰ። ቴምብሩ እንደ ቅጠል ተንሳፎ ሲወጣ፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ጋዜጣ ላይ ማድረቅ ነው። እኔና ዘይነባ ማንበብ ከመልመዳችን በፊት ይህን ለምደናል። ሦስተኛው ሕግ፣ ምንጩ ያልታወቀ ቴምብር አልበም አይገባም። «ያላረጋገጥነውን አንለጥፍም» ይላሉ፤ ይህንን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሰማነው ፈጣሪ ይወቀው።

የጅማን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ከየአገሩ ይመጣል፣ ይማራል፣ ይነግዳል፣ ይሄዳል። ስለዚህ ጋሽ ታደሰ አንድ ትልቅ አልበም ለይተው ለሄዱት አዋሉት። ከእኛ መካከል አንዱ ከከተማው ሲወጣ ለእሱ አዲስ ገጽ ተከፍቶ ስሙ በሰማያዊ ቀለም እላዩ ላይ ይጻፋል። ገጹ ከመንገደኛው የመጀመሪያው ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ ባዶውን ይቀመጣል። ደብዳቤው ሲመጣ ቴምብሩ ተነክሮ፣ ደርቆ፣ ከስሙ ሥር ይለጠፋል፤ ያኔ ጋሽ ታደሰ «እግሩ ደርሷል፤ ተመስገን» ብለው አልበሙን ይዘጋሉ። በረንዳው ሁሉ አሜን ይላል። ሐጂም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ።

አንድ ጊዜ መምህር ግርማ ወደ ሰኮሩ ተዛወረ። ሰኮሩ እንግዲህ ምሳ በልቶ ለመመለስ የምትሆን ናት። መምህር ግርማ ግን ገጽ ይገባኛል ብሎ ድርቅ አለ።

«ሰኮሩ ደግሞ መቼ ነው ውጭ አገር የሆነው?» አሉ ሐጂ። «ኬላው ላይ ፓስፖርት ጠየቁህ?»

«ሐጂ፣ የሄደ ሄደ ነው። ቅርብ ስለሆነ አልተለየኋችሁም ሊሉኝ ነው?»

ጋሽ ታደሰ ስሙን ጻፉለት። እሱም ከሰኮሩ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ጅማ በገባበት ቀን ግን ራሱ መምህር ግርማ በረንዳው ላይ ሻዩን ይጠጣ ነበር፤ በአውቶቡስ ቀድሞት መጥቶ! ጋሽ ታደሰ ፈገግ እንኳ ሳይሉ ፖስታውን ቆርጠው ነከሩ፣ ጠበቁ፣ ለጠፉ። ከዚያ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰውዬ እያዩ «እግሩ ደርሷል፤ ተመስገን» አሉ። ሐጂ ሳቃቸው አስነጠሳቸው። መምህር ግርማ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያኔ ከሳቁ ብዛት መስሎኝ ነበር።

የኔም ተራ ደረሰ። ትምህርቴን እንደጨረስኩ ጣሊያን የነበረችው አክስቴ ወሰደችኝ። ጋሽ ታደሰ ስሜን ጽፈው አሳዩኝና «ሰናይት ልጄ፣ የምትጽፊው ቢያጥርሽ ባዶ ወረቀት አሽጊበት። ቴምብሩ ብቻ ይምጣልኝ» አሉኝ። እንደደረስኩ ላክሁ። ቴምብሩ ግንብ ያለበት ነበር፤ አሮጌ የጣሊያን ግንብ። ከሁለት ወር በኋላ ዘይነባ «ገጽሽ ላይ ተቀምጠሻል» ብላ ጻፈችልኝ።

ይህ ቃል ምን እንዳደረገልኝ አሁን ነው የሚገባኝ። በዚህ አገር የሰው ስም በር ደወል ላይ ይጻፋል። እኔ ግን ሁልጊዜ በሰው ቤት ነኝ፤ አንዷን አስታምሜ፣ ቀብሬ፣ ወደ ሌላዋ እሄዳለሁ። ስሜ ያለበት ደወል ኖሮኝ አያውቅም። ልቤ ሲከፋ ግን፣ ጊንጆ ውስጥ ስሜ የተጻፈበት ገጽ አለ፣ መድረሴም ተረጋግጧል እላለሁ። እሱ ነበር ቤቴ።

አሁን የሆነው እንዲህ ነው። ክረምቱ ከብዶ የጋሽ ታደሰ ጣሪያ አፈሰሰ። ውሃው በግድግዳው ወርዶ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባ። እሳቸው አላዩም፤ ስኳሩ ዓይናቸውን ከወሰደው ቆይቷል። ምሳ ይዛላቸው የሄደችው ዘይነባ ስትከፍተው አልበሙ አብጦ እንደ ዳቦ ሆኗል። ሌላ ሰው ቢሆን ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር። ዘይነባ ግን የበረንዳው ልጅ ናት፤ እንዲያ ከደረቀ ቴምብሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደሚቀር ታውቃለች። ስለዚህ የተማረችውን አደረገች። እነዚያን የፎቶ ሳህኖች አውጥታ፣ ለብ ያለ ውሃ ሞልታ፣ ገጾቹን ነከረች። አልጎተተችም። ጠበቀች። ቴምብሮቹ አንድም ሳይቀደዱ ተንሳፈው ወጡ፤ ጋዜጣ ላይ ደረደረቻቸው። ቀና ብላ ስታይ የሳህኖቹ ውሃ ሰማያዊ ሆኗል። ገጾቹ ነጭ ሆነዋል። ስሞቹ ውሃው ውስጥ ቀርተዋል።

«በእጄ፣ ሰኒ፣ በገዛ እጄ!» ትላለች። እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነበር። ጋሽ ታደሰም ያስተማሩት ያንኑ ነው።

ስሞቹን ጋሽ ታደሰ በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ ቴምብሮቹን ግን ማየት አይችሉም። ዘይነባ ቴምብሮቹን ታያለች፤ የማን እንደሆኑ ግን አታውቅም። አንዳንዱን ስትገልጽላቸው ያስታውሳሉ። የሚመሳሰለው ሲበዛ ይደባለቅባቸዋል። ሐኪሙ ለዘይነባ የነገራትን እዚህ አልጽፈውም፤ ጊዜ እንደሌለ ግን እወቁልኝ። እሳቸው የያዛቸው አንድ ነገር ነው፤ «መንገደኞቼን ሜዳ ላይ በትኜ ልሂድ?» ይላሉ።

በቪዲዮ ደወለችልኝ። ስልኩን በጋዜጣው ላይ ቀስ እያደረገች አሳለፈችው። የጣሊያን ግንብ ያለባቸው ሦስት ሆነው ተገኙ፤ ከኛ መካከል ጣሊያን የገባሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ላያቸው ላይ ያረፈው የፖስታ ቤት ማኅተም ቀለሙ ደብዝዟል፣ ግማሹ ፊደል ፖስታው ላይ ቀርቷል። አቅርቢልኝ፣ አርቂልኝ፣ ወደ ብርሃኑ አዙሪልኝ አልኩ። ግንብ መሆኑን እንጂ የትኛው ግንብ እንደሆነ አላስታውስም። ሲልከው የቸኮለ ሰው የት ያያል?

«ሰናይት ናት?» የሚል የጋሽ ታደሰ ድምፅ ከኋላ መጣ። «ያንቺው የቱ ነው ልጄ?»

ዘይነባ ስልኩን ይዛ ጓሮ ወጣችና በሹክሹክታ «አንዱን ነው በይ፤ እሳቸው አያዩም። ይደሰቱ፤ ምን አለበት?» አለችኝ።

«ዘይነባ፣ አልችልም።»

«ወላሂ አንቺ! ከሕፃንነትሽ ጀምሮ እንዲህ ነሽ። ለአንድ ቴምብር ማን ይፈርድብሻል?»

ማን እንደሚፈርድብኝማ አውቃለሁ። ደግሞስ ሁለቱ ግንቦች የሌላ ሰው መድረሻ ናቸው። መልሳ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። «ጋሼ፣ አላወቅሁትም፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ «አይዞሽ» አሉ። «ያላረጋገጥነውን አንለጥፍም።» ከዚያ ስለ ሲኞራ ጠየቁኝ። እሳቸው ሊያጽናኑኝ! እኔ የሰው አገር አሮጊት አበጥራለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ እጃቸውን ይዤ መንገድ አሻግራለሁ፤ የጋሽ ታደሰን እጅ ግን መያዝ አልቻልኩም። ወደ አገር ልሂድ ብል ሲኞራን የሚረከብልኝ ሰው የለም፤ ብሄድስ ምን ብዬ ልንገራቸው?

እሑድ ቤተክርስቲያን ሄጄ እመቤቴ ፊት ቆምኩ። አጠገቤ ያለችው እህት ባሕር ላይ ስለጠፋ ልጇ ታለቅሳለች። እኔ ስለ ወረቀት ልለምን አፈርኩና ሻማዬን አብርቼ ወጣሁ።

ዘንድሮ የሲኞራ ደብዳቤዎች ሲመጡ ቴምብር የላቸውም፤ በማሽን የታተመ ጥቁር መስመር ብቻ ነው። የምንነክረው ነገር ጠፍቷል። ዛሬ ሰው ከአውሮፕላን ሳይወርድ «ደረስኩ» ብሎ ይልካል፤ መልእክቱ የደረሰውም አውራ ጣት መልሶ ይልካል፤ አለቀ። ያኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ በረንዳ ላይ የሚጠብቀን ባዶ ገጽ ነበር። ስንደርስም አሜን የሚል ሕዝብ ነበር።

እዚያ በረንዳ ላይ የነበራችሁ፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ ልለምናችሁ። ጅማ ያላችሁ ሂዱ፤ ሩቅ ያላችሁ ለዘይነባ ደውሉላት። ጋሽ ታደሰ እዚያው ናቸው፣ ፎቶ ቤቱ የነበረበት፣ ከኋላ ባለችው ክፍል። በግራ ጆሯቸው በኩል ተቀመጡ፤ በእሱ ነው የሚሰሙት። ስማችሁን ንገሯቸውና ጋዜጣው ላይ ያለውን እዩ። በጣት አትንኩ፤ ወረንጦው ጠረጴዛው ላይ አለ። ያንተን፣ ያንቺን ካወቃችሁ «ይሄ ነው» በሏቸው። ካላወቃችሁ እባካችሁ አትገምቱ። ከጣሊያን ግንብ የላካችሁ ሁለታችሁ በተለይ ኑልኝ፤ የእናንተን ስታነሡ የሚቀረው የኔ ነው። ደብዳቤ ያልላካችሁም አትፈሩ። የእናንተ ገጽ እስከ መጨረሻው ባዶውን ተከፍቶ ነበር፤ ገብታችሁ እጃቸውን ያዙና ራሳችሁ «ደርሻለሁ» በሏቸው።