የሎይዞስ ዛፍ፣ የቴክላ መሬት

ቴክላ በሰባ አንድ ዓመቷ የወፍ እግር አፏ ውስጥ ስትከት ያየ እንግዳ አብዳለች ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በሙጫ የተያዘ ወፍ ግን በውሃ አይላቀቅም፤ ከጎተቱት እግሩ ይቀራል። የሚያላቅቀው ምራቅ ነው። ስለዚህ ሚያዝያ በገባ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ጓሮዋ ካለው፣ ካሮብ ከሚባል ትልቅ የፍሬ ዛፍ ሥር ትቆማለች። እጇ የደረሰበትን ሙጫ የተቀባ ዘንግ እያወረደች፣ የተጣበቀውን እግርና ክንፍ በምላሷ እያራሰች ትፈታለች። ከዚያ ትተፋለች፤ ከዚያ ታናሽ ወንድሟን ሎይዞስን ትሳደባለች። ዘንጉን የሚሰካው እሱ ነው።

ሙጫውን ከሱ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። አባታቸው የጫካ ፍሬ ቀቅሎ ከማር ጋር ሲያዋህድ ድስቱን የምታማስለው ቴክላ ነበረች፤ በስምንት ዓመቷ እጇን የሚያህል አልነበረም። ያኔ ሥጋ የሚቀመሰው ለገናና ለፋሲካ ነው፤ በቀረው ጊዜ ሥጋቸው ወፉ ነበር። አሁን ሎይዞስ ሁለት መኪና አለው። አሥራ ሁለት ወፍ በአንድ ሳህን ለሚያቀርብ ምግብ ቤት በጓሮ በር ይሸጣል፤ ክልክል መሆኑን ሻጩም በላተኛውም ያውቃል። ቴክላን የሚያንገበግባት ይኸው ነው። ረሃብ ያሠራውን ነገር ጥጋብ ሲሠራው ማየት አትችልም።

አባታቸው ሲሞት መሬቱን ለሷ፣ መሬቱ ላይ የቆመውን ዛፍ ለሎይዞስ ተናዘዘ። በዚያ በቆጵሮስ መንደር ዛፍና መሬት ባለቤታቸው ለየቅል ቢሆን ማንም አይገርመውም። ከባሕሩ እስከ መንደሩ ያለው ትልቅ ዛፍ እሱ ብቻ ስለነበር፣ በጸደይ ባሕር አቋርጠው የሚመጡ ትንንሽ ወፎች ሞተው ሊወድቁ ሲሉ የሚያርፉት እሱ ላይ ነው።

ሰባ አንድ በሞላት ዓመት፣ አንድ የሚያዝያ ጠዋት ቴክላ ዘገየች። አንገቱ ላይ ነጭ ነጠላ ያጣፋ የሚመስለው ዝንብ ለቃሚ ወፍ ዘንጉ ላይ ተዘቅዝቆ ሞቶ አገኘችው። ሎይዞስ ደግሞ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሌላ ዘንግ ይሰካል።

«ውረድ!»

«በገዛ ዛፌ እታለም? ዛፌ ላይ ነው ያለሁት።»

«ዛፉ ያንተ ነው። መሰላልህ የቆመው የኔ መሬት ላይ ነው። አየር ላይ አቁመህ ውጣ!»

«ጃጀሽ እንዴ! ድስቱን ስታማስዪ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም? ስንቱን ወፍ ከነአጥንቱ ቆረጣጥመሽ ዛሬ ጻድቅ ሆንሽ?»

«በልቻለሁ። ርቦኝ ነው የበላሁት። አንተን ምን ራበህ? ሆድህን እየው፣ ዘጠነኛ ወርህ ገብቷል!»

በአጥር ላይ አንገታቸውን ያሰገጉት ጎረቤቶች በሳቅ ፈረሱ። የመንደሩ ሹም ፒየሪስ ተጠርቶ መጣና ሁለቱንም ሰማ፤ ቴክላ ልክ ናት አለ። ሎይዞስ መስከረም ላይ ፍሬውን ለማራገፍ ብቻ ይግባ፣ ከዚያ ውጭ ሳትፈቅድለት መሬቷን እንዳይረግጥ። ሎይዞስ ፊቱ በርበሬ መስሎ ወረደ። ቴክላ ያን ሰሞን ላገኘችው ሁሉ «አፈር አበላሁት» ስትል ከረመች።

መስከረም መጣ፣ ሎይዞስም በተፈቀደለት ቀን መጣ። የያዘው ግን የፍሬ ማራገፊያ ዱላ ሳይሆን መጋዝ ነበር።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«መሬትሽን እለቅልሻለሁ። ዛፌን ይዤ እሄዳለሁ።»

ሮጣ ፒየሪስን አመጣችው። ሹሙ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። «ምን ላድርግ ቴክላ? ዛፉ የሱ ነው። አንቺው ራስሽ ብለሻል።» እስከ ምሳ ሰዓት የአያቶቻቸው ዛፍ ለከሰል ተጭኖ ሄደ።

የብርዱን ወራት ሙሉ መንደሩ «አንቺ እኮ ትክክል ነበርሽ» እያለ አጽናናት። እሷን ግን ከሎይዞስ እኩል የሚያቃጥላት ይህ ቃል ነበር። ወፎቹን ማዳን ስትችል ወንድሟን ማሸነፍ አምሯት ነበር፤ ይህን ታውቃለች፣ ስታውቀው ደግሞ ይብስባታል። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ጮኸችባቸው፦ «ትክክል ነበርሽ የምትሉኝ ሁሉ ኑና ጓሮዬ ቁሙ! እጃችሁን ዘርጉና ቅርንጫፍ ሁኑ!»

ሚያዝያ ላይ ሌሊቱን ንፋስና ዝናብ አድሮ ጎህ ሲቀድ ወፎቹ ደረሱ። ዛፉ በነበረበት ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሩና መሬት ላይ ተበተኑ። የመንደሩ ድመቶች ቀድመዋት ነበር። ቴክላ በመጥረጊያ እያባረረች፣ እያለቀሰች፣ እየተራገመች ቆየችና ወደ ቤት ገባች። ገመድ ይዛ ወጥታ ጓሮው ውስጥ በሁለት ምሰሶ መካከል ወጠረች፤ አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የሟች ባሏን ሱሪ ሳይቀር ሰቀለች። ወፎቹ እየቆዩ አንድ በአንድ መጥተው ገመዱ ላይ አረፉ። ነጭ ነጠላ ያጣፋ አንድ ዝንብ ለቃሚም ሱሪው ላይ ተቀመጠ።

ልብሱ ሳይነሣ ሰነበተ። ሎይዞስ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ቆም አለ።

«እታለም፣ ልብስሽ ከደረቀ ሳምንቱ እኮ ነው።»

ቴክላ መጥረጊያዋን እንደያዘች ዞረች። «ገመዱም የኔ ነው፣ ምሰሶውም የኔ ነው፣ መሬቱም የኔ ነው። ከዚህ ምን ይዘህ ትሄዳለህ?»