የዋንዛው ጥላ እስኪመጣ

የተያዝኩት ቀይ ቀለም የነካ ብሩሽ በእጄ እንዳለ ነው። እጅ ከፍንጅ ማለት ይኸው ነው። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ የመንግሥት ደን ውስጥ የደን ቴክኒሻን ነኝ፤ ያን ቀን ለማሳሳት የተመረጡ የፈረንጅ ጽዶች ላይ ምልክት እያደረግሁ ነበር። ዛፍ ችግኝ ሳለ ተጠጋግቶ ይተከላል፤ ሲያድግ ግን ብርሃንና ቦታ ይሻማል። ስለዚህ ጎባጣውንና ቀጫጫውን እየመረጥን በደረት ቁመት ላይ ቀይ ቀለበት እንቀባዋለን፤ በኋላ መጋዝ የያዘ ሰው መጥቶ የተቀባውን ብቻ ያወጣል። የመጡት ታጣቂዎች ቀለበቱን ዞር ዞር እያሉ አዩና፣ «ምልክቱ ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለመጋዙ» አልኳቸው።

መልሴ አልጣማቸውም።

የወሰዱኝ ቡሬ ዳር ወዳለ የእህል መጋዘን ነው። በዚያ ሰሞን የሚታሰረው ሰው በዝቶ ጣቢያው ስለሞላ መጋዘኑ እስር ቤት ሆኖ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የበቆሎ ሽታ ነው፤ ሰዎቹን ያየሁት ዓይኔ ጨለማውን ከለመደ በኋላ ነው። ጆንያ አንጥፈው፣ እግር ለእግር ተጠላልፈው ተቀምጠዋል። እህሉ ቢወጣም ነቀዙ አልወጣም ነበር። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ እዚያ ግን ዝም ያለውም የለፈለፈውም እኩል ነቀዝ ሲሄድበት ያድር ነበር።

መርማሪዬ አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። «ይህን ምልክት የሚያውቅ ሌላ ማን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደን የተማረ ሁሉ ያውቀዋል» አልኩት። እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ «ግብረ አበሮች አሉት» ብሎ ጻፈ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ተመልሼ ይህንኑ ስነግራቸው መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ከጎኔ የሚተኛ አንድ ወጣት አስተማሪ ነበር፤ «በል ጠጋ በል፣ የደን ተማሪ ሁሉ ሊመጣ ነው» አለኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የመጣው ተማሪ አልነበረም። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በሩ ላይ ቆመው፣ «የደኑ ልጅ የታለ?» አሉ። ወዲያው አወቅኋቸው። እኔ በምሠራበት ደን ዳር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ቀፎዎቻቸውን እዚያው ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ፤ በመንገዴ ሳልፍ ሰላምታ ሳንለዋወጥ ቀርተን አናውቅም። ብድግ ብዬ እጄን ዘረጋሁላቸው።

«ቆይ፣ እጄን አትጨብጥ» አሉኝ። «አንተን ያስያዝሁህ እኔ ነኝ።»

እሳቸው እንደቆሙ ነገሩን ተናገሩ። ድሮ ማንኩሳ መንገድ ዳር ቤት ነበራቸው። አንድ ቀን ሰዎች መጥተው ግድግዳውን ቀይ ቀብተው ሄዱ፤ ብዙ ሳይቆይ ቤቱ ለመንገድ ማስፋፊያ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ቀይ ቀለም ለእሳቸው የሚፈርስ ነገር ምልክት ነው። ቀፎ ሊያዩ ደን ሲገቡ ያንኑ ቀይ በዛፎቹ ላይ ሲያዩት ጊዜ ደነገጡ። ቀበሌ ሄደው፣ «ደኑን ለማን ሰጣችሁት?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት ይህንን ብቻ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ጥያቄያቸው ከአንዱ ቢሮ ወደሌላው ሲወጣ ሲወጣ «በደኑ ውስጥ ምስጢራዊ ምልክት ተገኘ» የሚል ወሬ ሆኖ አረፈው። በመጨረሻም፣ «ምልክቱን እርስዎ በምን አወቁት?» ተብለው እሳቸውም ተያዙ።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ምን ላድርግ? ከልቤ ነው የሳቅሁት። «አባባ፣ እኔ ምንም አልተቀየምኩዎትም፤ ይምጡ፣ እንብላ» አልኳቸው።

«አንተ ማርኸኝ እንበል። ማን ሰማ?» አሉ። «ሽማግሌ ያልሰማው እርቅ፣ እርቅ ይባላል? የበደልሁትን ሰው ሳልታረቅ ማዕድ አልቀርብም።»

እንዳሉትም አደረጉ። በሩ ሥር ለብቻቸው ተቀመጡ። ጊዜው የሰኔ ጾም ነበር፤ ከቤታቸው የሚላክላቸውን ሽሮና እንጀራ እንዳለ ለእኛ ያቀብሉና እሳቸው ደረቅ ቆሎ በውኃ ያወራርዳሉ። ብንለምናቸው፣ ብንቆጣቸው፣ አስተማሪው ቢያስቃቸው፣ ወይ ፍንክች! ቀን በቀን አንገታቸው እየቀጠነ ሄደ፤ ለመቆምም ግድግዳ መያዝ ጀመሩ። ያሳሰሩኝ ሰው እሳቸው ሆነው ሳለ፣ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የእኔ ጉዳይ ሳይሆን የእሳቸው አለመብላት ነበር። ምሕረቱን በእጄ ይዤ የምሰጥበት መንገድ ማጣቴ አንጀቴን በላው።

ደግነቱ ሽማግሌ አላጣንም። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ፣ ደም የተቃቡትን ሳይቀር ያስታረቁ አንድ የተከበሩ አባት አብረውን ታስረው ነበር። ነገራችንን ሰሙና ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «መልካም። ዛፍ የታለ?» አሉ።

«የምን ዛፍ?» አላቸው አስተማሪው።

«እርቅ ያለ ዛፍ ጥላ የት አይተሃል አንተ? ዛፍ ይሰማል፤ የሰማውንም ይዞ እዚያው ይቆማል። መጋዘን የእህል ነው።»

ይህ ጥያቄ ለእኔ የመጣ ነበር። ጠዋት ጠዋት አየር እንድንወስድ ወደ ግቢው ስንወጣ መጀመሪያ የማየው በስተምሥራቅ ካለው ግንብ ማዶ የቆመ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ግንዱ አይታይም፤ አናቱ ብቻ ነው የሚታየው። ማለዳ ፀሐይ ከኋላው ስትወጣ ጥላው ግንቡን ተሻግሮ ግቢያችን ውስጥ ይተኛል። ይህንን ነገርኳቸው።

«ዛፉማ ውጭ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ዛፉ ውጭ ቢሆንም ጥላው እየገባ ይጠይቀናል፤ ከጠያቂ ሁሉ ያለ ፈቃድ የሚገባ እሱ ብቻ ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «ይሁን፣ ተቀበልሁ» አሉ።

እኔ የረሳሁት ክረምቱን ነበር። ሰማዩ ከረመ። በየጠዋቱ እንወጣለን፤ ፀሐይ የለችም፣ ጥላም የለም። ጾሙ አልቆ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ነጋ። ከየቤታችን የጾም መፍቻ ዶሮ ወጥ መጣልን፤ ሳህን በሳህን ላይ ተከድኖ ተደረደረ። ሽታው የበቆሎውን ሽታ አሸነፈው። ባለ ቀፎው ቆሏቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ያን ጊዜ ማንም ሳይናገር ማንም ሳህን አልከፈተም። በጾሙ ወራት ለብቻቸው መብላታቸውን ችለነው ነበር፤ በፍስኩ ቀን ግን አልቻልንም።

ወደ ግቢው ስንወጣ ሰማዩ እንደተዘጋ ነው። እኔ በሙያዬ ለመከራከር ሞከርሁ። «አባታችን፣ ሲደምን እኮ ሁሉም ቦታ ጥላ ነው» አልኳቸው።

«እሱማ የደመና ጥላ ነው» አሉ። «ደመና ምስክር ይሆናል? ያልፋል እኮ!»

አስተማሪው ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ «ኧረ በእናትሽ፣ ዶሮው በረደ» አለ። ፀሐይን ነው። ሰማችው መሰለኝ፣ ደመናው በምሥራቅ በኩል ተቀደደና የዋንዛው ጥላ ዱብ አለልን። ያረፈው ግን ጭቃው ላይ ነበር፤ የቧንቧ ውኃ ተጠራቅሞ ግቢው ከሁሉ በላይ የሚረጥብበት ቦታ ላይ። ሽማግሌውና ከእስረኛው መካከል አብረዋቸው እንዲሸመግሉ የመረጧቸው ሁለት አዛውንት ቅር ሳይላቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ቁጭ አሉ። እኔና ባለ ቀፎው ፊት ለፊት ቆምን።

«ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» ብለው ሽማግሌው ጀመሩ። ባለ ቀፎው ስለ ማንኩሳው ቤት፣ ስለ ቀዩ ቀለም፣ ስለ ቀበሌው ተናገሩ። እኔ ስለ ማሳሳት አስረዳሁ። «በቆሎ ሲጠጋጋ ደካማውን ነቅላችሁ ለብርቱው ቦታ ትሰጡት የለም? እሱን ነው የምናደርገው» ስላቸው በዙሪያችን የቆመው ገበሬ ሁሉ «እ...!» አለ።

«በሞቴ! ለኩትኳቶ ነው ሰው የታሰረው?» አሉ ሽማግሌው፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ባለ ቀፎው ሳይቀሩ ጥርሳቸው ታየ።

ይሁንና ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር ጥላው ወደ ግንቡ ይሸሽ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተከተሉት። አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ፈቅ ይላሉ፤ መልስ ይሰማሉ፣ ፈቅ ይላሉ። ግንቡ አጠገብ በኖራ የተሰመረ መስመር አለ፤ እስረኛ እሱን ማለፍ አይፈቀድለትም። ጥላው መስመሩ ላይ ደረሰ።

«አባቶች፣ መስመሩን አትለፉ!» አለ ጠባቂው። ገና ጺሙን በቅጡ ያላበቀለ ወታደር ነበር።

«እኛ አላለፍንም ልጄ፤ ጥላው ነው ጥሎን የሄደ» አሉት ሽማግሌው፤ ከመቀመጫቸውም አልተነሱም። «ይቅርታው ነው የቀረን። ድንጋይ ብቻ ነው የጎደለን።»

በእኛ አገር ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ያጎነብሳል። እስረኛ ደግሞ ጠጠር እንኳ ማንሳት ክልክል ነው። ሁላችንም ጠባቂውን አየነው። እሱም እኛን አየን፤ ከዚያ መሬት ላይ ተንበርክከው የሚጠብቁትን፣ ጋቢያቸው ውስጥ የጠፉትን ባለ ቀፎ አየ። መሣሪያውን ወደ ጀርባው አዞረና የግቢውን በር የሚደግፈውን ድንጋይ አንስቶ መጣ። ጭቃውን በእጅጌው ጠረገ፤ በገዛ እጁ አንገታቸው ላይ አኖረላቸው።

«ከበድ ይላል አባባ፣ ይቻሉት» አላቸው። ወደ ሽማግሌው ዞሮም፣ «ጥላው እስካለ ድረስ መስመሩን እለፉ» አለ።

ባለ ቀፎው ድንጋዩን ተሸክመው ቀና ሳይሉ ተናገሩ። ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። «ልጄ፣ ስለዛፍህ አንተን መጠየቅ ሲገባኝ ሌላ ሰው ጠየቅሁ። ለእግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩና ድንጋዩን አነሳሁላቸው። ያን ጊዜ እሳቸውም ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ደረታቸውን ነፍተው እንደ ሰርገኛ ቆሙ። እኔ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። ሽማግሌው ሲመርቁ ጠባቂው ቆቡን አውልቆ ከእኛ ጋር «አሜን» ይል ነበር። ጥላው ግንቡ ሥር ገብቶ ሊያልቅ ሲል ምርቃቱም አለቀ።

ከዚያማ ሳህኑ ተከፈተ። የመጀመሪያውን ለባለ ቀፎው አጎረስኳቸው፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገምኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ። እኛም እስኪውጡ ጠበቅን። አስተማሪው ለጠባቂው በእንጀራ ጠቅልሎ ሲያቀብለው ተቀበለና ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ በላው። የበረደ ዶሮ ወጥ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ባለ ቀፎው ቀድመውኝ ተፈቱ፤ እኔም ክረምቱ ሳይወጣ ተለቀቅሁ። አሁን በሥራዬ ላይ ነኝ። ሰው ስለ እስሩ ሲጠይቀኝ ፊቱን አዘጋጅቶ ነው፤ የሚያሳዝን ነገር ይጠብቃል። የሚያሳዝንም ነበር። ከእኛ መካከል ያን ክረምት እቤቱ ያልተመለሰ አለ፣ ያንን እያሰብኩ የምተክዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም በሕይወቴ እጅግ ደስ ካለኝ ቀናት አንዱን ያሳለፍኩት እዚያ መጋዘን ግቢ ውስጥ ነው፤ ይህንን ስናገር አላፍርም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ጾሙን የምንፈታው አብረን ነው፤ እሳቸው ቤት። ባለፈው ዓመት ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ አጥቼ ስቆይ ቀኑ መሸብኝ። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስደርስ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሕፃናት ሲቀሩ፣ ጦሙን ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ሚስታቸው ከማጀት ብቅ አሉና፣ «ኧረ ልጄ! ባትታረቁ ኖሮ እኛ ገና በጠዋቱ በልተን ነበር!» አሉኝ። ባለ ቀፎው ብድግ ብለው ደጃፍ ድረስ መጡና ጫማዬን ሳላወልቅ አጎረሱኝ። ሁለተኛውን እስክውጥ ድረስ እሳቸው አልቀመሱም።