ድንጋዩን አልጥልም ያለው ወንድሜ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። እስከ ዛሬ ልጅ ተቆጥቼ "እግዜር ይቀስፍሃል" ልል ስል ትዝ ይለኝና እተወዋለሁ።

አገራችን ከእብናት ወጣ ብሎ ነው። ቤተ እስራኤል ነን። በኅዳር ወር ስግድ የተባለው በዓላችን ሲደርስ ትልቅ ትንሹ ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ እየጾመ ተራራ ይወጣል። ቄሶቹ ኦሪቱን በጥላ አጅበው ይቀድማሉ። ሕዝቡ ለፈጣሪ ዝቅ ማለቱን ለማሳየት ድንጋይ ተሸክሞ ይከተላል። ድንጋዩ የሚወርደው ተራራው አናት ላይ፣ ጸሎቱ ቦታ ካለው ካብ ሲደረስ ነው።

በዚያ ዓመት አባታችን ሰሊጥ ለማጨድ ሁመራ ወርዷል። እናታችን ወንድ ልጅ ወልዳ አርባ ቀኗ ስላልሞላ በሕጋችን ከአራስ ጎጆ አትወጣም። ከጎጆው ዙሪያ ከተደረደረው ድንጋይ ወዲያ ሆና፣ "ባዬን አደራ፤ ከእጅሽ እንዳይወጣ" አለችኝ።

ታናሽ ወንድሜ ባዬ ስድስት ዓመቱ ነበር። ድንጋይ ሲሸከም የመጀመሪያው ነው፤ የመረጠው ደግሞ ከአቅሙ በላይ! ዳገቱን ስንጀምር "እታለም፣ ትንሽ ላውርደው?" እያለ ነዘነዘኝ። እኔ ዱሮም ትዕግሥት የለኝ። "አናቱ ሳትደርስ ካወረድከው እግዜር እናታችንን ይገድላታል!" አልኩት። ድንጋዩን ራሱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

ለካ ወታደሮች ተራራው ላይ ሰፍረዋል። ወንበዴ ገባ የሚባልበት ጊዜ ነው። ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፤ ስግድን በምን ይወቁት? ድንጋይ የያዘ ሕዝብ ሽቅብ ሲጎርፍባቸው አዩ።

"ቁም! ድንጋይህን ጣል!" ጥይት ወደ ሰማይ ተተኮሰ።

ያ ሁሉ ሰው ድንጋዩን እየጣለ መሬት ላይ ተደፋ። እኔም ጥዬ ተደፋሁ። ቀና ስል ባዬ አጠገቤ የለም። ድንጋዩን በሁለት እጁ ራሱ ላይ ደግፎ፣ የተደፉትን ቄሶች አልፎ ይወጣል።

ወይኔ ጉዴ! አንዱ ወታደር መሣሪያ ደግኖበት "ጣል አልኩህ!" ይላል። ልጁ ይሄዳል። አንደኛው ቄስ እጃቸውን ወደ ወታደሩ ዘርግተው፣ "የኔ ልጅ፣ ሕፃን እኮ ነው! ድንጋዩ ለጸሎት ነው!" ብለው ጮኹ። እኔማ ገደሉት ብዬ፣ ለእናቴ ምን ብዬ እንደማረዳት ማሰብ ጀምሬአለሁ።

ባዬ ካቡ ጋ ደረሰ። ወታደሩ እግር ሥር ድንጋዩን አወረደና፣ እንደተማረው ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሰገደ። ወታደሩ ልጁንም ድንጋዩንም አየ። ከዚያ መሣሪያውን ዝቅ አደረገ።

"የማን ልጅ ነው? ኑ ውሰዱት!" አለ።

እየተንፏቀቅኩ ደርሼ አቀፍኩት። ቁምጣው ረጥቧል።

"እታለም፣ እናታችን አሁን አትሞትም አይደል?" አለኝ።

በቁሜ አለቅኩ።

ቄሶቹ ለወታደሮቹ አለቃ አስረድተው፣ ጸሎቱ በአጭሩ ደርሶ ወረድን። እናቴም ቀኗን ቆጥራ በሰላም ከጎጆዋ ወጣች። ያልኩትን ግን ለእሷም ለማንም አልተናገርኩም።

ባዬ ዛሬ የልጆች አባት ነው። "በስድስት ዓመቴ ወታደር ያልፈራሁ ጀግና ነኝ" እያለ ያወራዋል፤ ሰው ይስቃል። ለምን እንዳልቆመ ረስቶታል። አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ እያልኩ፣ ይኸው እሱም ሸበተ።