አያ ክንዱና ለጋሚው ማሽን

አያ ክንዱ በሬ አይተው ተሳስተው አያውቁም። ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ጉራ ነው ብለን ባለፍነው፤ ግን ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ እስከ ቡሬ ድረስ ያለ ገበሬ ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። በሬ የሚገዛ ሰው በገበያ ቀን ገንዘቡን ከመያዙ በፊት እሳቸውን ይይዛል። እሳቸውም በሬውን አንዴ ዞረው ያዩታል፣ ጥርሱን ይገልጣሉ፣ ሻኛውን ይጨብጣሉ፣ ጆሮው ሥር የሆነ ነገር ያንሾካሹኩለታል። ከዚያ «ጥሩ ነው» ወይም «ለጋሚ ነው» ይላሉ። ለጋሚ ማለት ያው ቀንበር ሲጫንበት ተኝቶ አልነሣም የሚለው ነው። እሳቸው ለጋሚ ያሉት በሬ ከዚያ በኋላ የሥጋ ገዢ እንጂ የእርሻ ገዢ አያገኝም። ከሁለቱ ፍርዶች ሌላ ሦስተኛ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ታዲያ የገበሬዎች ማኅበራቸው ለአባላቱ የማዳበሪያ ካርድ ሊያድል ሲነሣ፣ ካርዱን የሚጽፈውን ማሽን ማን ይገምግም ተባለ። ጉባኤው ብዙ አልተቸገረም።

«በሬ የመረጠ ሰው ሣጥን ምን ያቅተዋል?» አለ ደጀኔ። ደጀኔ የአያ ክንዱ የእርሻ ኩታ ገጠም ነው፤ ነገር ሲቀጣጠል ማየት የሚወድ ሰው ነው። ሁሉም እጁን አወጣ።

ማሽኑ የምሳ ዕቃ የሚያህል ጥቁር ሣጥን ነው። ይዛው የመጣችው ፀደንያ ትባላለች፤ ቡሬ ላይ ኮምፒውተር ተምራ ማኅበሩ ለሙከራ ያስገባት ልጅ ናት። ነጩን ካርድ ሣጥኑ ላይ ታስቀምጣለች፣ የአባሉን ስምና የሚደርሰውን ማዳበሪያ ትጽፍበታለች፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ካርዱ በተጠጋ ቁጥር ማሽኑ ባለቤቱን ያውቀዋል። አያ ክንዱ ጥሩ ነው ካሉ ማሽኑ ይገዛል፣ እሷም ትቀጠራለች፤ ለጋሚ ነው ካሉ ማሽኑ ወደ ሻጩ፣ እሷም ወደ እናቷ ቤት። ይህን ሁሉም ያውቃል። እሷ ግን አንድም ቀን አላነሣችውም።

አያ ክንዱ ማሽኑን በመዳፋቸው መዘኑት። አልወደዱትም።

«ቀላል ነው። ቀላል በሬ አፈር አይገፋም» አሉ። «ምን ይበላል?»

«መብራት ነው፣ አያ።»

«መብራት የጠፋ ዕለትስ?»

«ባትሪ አለው። አንዴ ከጠገበ እስከ ማታ ይሠራል።»

ስንቁን ይዞ የሚሄድ በሬ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁምና ይህች ነገር ደስ አሰኘቻቸው። ቢሆንም በዓይን ብቻ የሚገዛ የለም፤ ይጠመድ አሉ። ማሽኑ ከመጋዘኑ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። አቧራ ይችል እንደሆነ እንዲታይም አጠገቡ በቆሎ እንዲነፋ ተደረገ። ፀደንያ ገለባው በፀጉሯ ላይ እየተራገፈ፣ ምሳ ሳትበላ፣ ለአባላቱ በየተራ ካርድ ስትጽፍ ዋለች። ማሽኑ አንድም ጊዜ አልለገመም። አያ ክንዱ ጆሮው ይሆናል ብለው ወዳሰቡት በኩል ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩለት፤ ምን እንዳሉት እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«ለዛሬ ጥሩ ነው» አሉ ቀና ብለው። «ግን በሬ የመጀመሪያውን ቀን ለእንግዳ ብሎ ይሠራል። ልኩ የሚታወቀው ሲደገም ነው። ለሚካኤል ካርዳችሁን ይዛችሁ ኑ።»

አባላቱ ሊበተኑ ሲሉ አያ ክንዱን አንድ ነገር አሳሰባቸው። እሳቸው ሁሉን አስቀድመው የሚያስቡ ሰው ናቸው፤ መከራቸውም ከዚሁ መጣ።

«ስሙኝማ፣ ይህን ካርድ እንዳትጥሉት» አሉ። «ገበሬ ኪስ የለውም፤ ያለውም ቀዳዳ ነው። ከአንገታችን የማይለየን ማተባችን ነው። ጥጉን በወስፌ ብሱና ከማተባችሁ ጋር እሰሩት።»

ምክሩ በጣም ተወደደ። ፀደንያ በዚህ ጊዜ መጋዘን ውስጥ ማሽኑን ወደ ካርቶኑ እየመለሰች ስለነበር አልሰማችም።

የሚካኤል ዕለት እርሻ የለምና አባላቱ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጋዘኑ ደጅ ተሰበሰቡ። አያ ክንዱ መሐል ተቀመጡ። የመጀመሪያው ሰው ካርዱን ከአንገቱ መዞ ጎንበስ ብሎ ማሽኑ ላይ አስጠጋ። ቀይ በራ። ሁለተኛው አስጠጋ፤ ቀይ። ሦስተኛው ማሽኑን ለመሳለም የወደቀ እስኪመስል ድረስ አጎነበሰ፤ ያው ቀይ ነው። ከዚያ ከተማ እህል የሚነግደው፣ ገጠር ደግሞ እርሻ ያለው መሐመድአወል ተራው ደረሰ። ካርዱን ከቦርሳው አውጥቶ አስቀመጠ። አረንጓዴ።

«እንግዲህ ለእኔ አርሷል» አለ መሐመድአወል እየሳቀ።

ከእሱ ቀጥሎ ያሉት አስጠጉ። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ።

አያ ክንዱ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ለጋሚ ነው» አሉ። «እንዲያውም ከለጋሚ ይብሳል፤ ለአንዱ የሚያርስ ለሌላው የሚተኛ በሬ ጎረቤት ያጣላል። ይመለስ።»

ጉባኤው ራሱን ነቀነቀ፤ አያ ክንዱ ከተናገሩ ምን ቀረ? ፀደንያ ግን ዓይኗ ቀዳዳዎቹ ላይ ነበር።

«ማን ነው ብሱት ያላችሁ?» አለች ቀስ ብላ ደጀኔን።

ደጀኔ በአገጩ ብቻ ወደ አያ ክንዱ ጠቆማት፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ልጅቱ ደነገጠች። አባቷ የሚሆኑትን ሽማግሌ በሰው ፊት «ያበላሹት እርስዎ ነዎት» ማለት አይታሰብም። ዝም ማለት ደግሞ ወደ እናቷ ቤት መመለስ ነው። ነገር በምሳሌ ይባል የለ? የመሐመድአወልን ካርድ አንሥታ ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ፣ ልጅየ።»

«በዚህ ካርድ ሆድ ውስጥ፣ ዳር ዳሩን፣ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ይዞራል። ይህን የካርዱን ቋንጃ ነው እንበለው።»

«እንበለው።»

«አንድ ሰው በሬውን ከመውደዱ የተነሣ፣ እንዳይጠፋበት ብሎ ቋንጃውን በስቶ ገመድ ቢያስገባበት፣ በማግስቱ በሬው ተጠምዶ አልነሣም ቢል፣ ቀንበሩ ለጋሚ ይባላል?»

አያ ክንዱ የበሬ ጥያቄ ሲሰሙ ማሰብ አያስፈልጋቸውም። «ቀንበሩ ምን አደረገ?» አሉ ቶሎ። «ደግሞስ የትኛው ጅል ነው የበሬውን ቋንጃ የሚበሳ?»

ሰዉ ሁሉ እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ እሳቸውን ያያል። ያኔ እጃቸው ሳያዙት ወደ ራሳቸው ማተብ ሄደ። ካርዳቸው እዚያው ነው፤ ወስፌውንም ያጋሉት፣ ከማንም ቀድመው የበሱትም እሳቸው ናቸው።

ጆሯቸው ድረስ ጋሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ለጋሚ ብለዋል። ማሽኑ ለጋሚ እንደሆነ ቢቀር የሚከራከራቸው አንድ ሰው የለም፤ ስማቸውም እንደተከበረ ይኖራል። ልጅቱን አዩዋት። ካርቶኑን መፈለግ ጀምራለች። ይህን ሲያዩ አፈሩም፣ ተናደዱም፤ የተናደዱት በማን እንደሆነ ግን አልጠፋቸውም።

«ጅሉ እኔ ነኝ» አሉ።

«በእኛ አገር ለሙከራ የተወሰደ በሬ በሞካሪው እጅ ከተሰበረ የሞካሪው ነው። የሰበርነው እኛ ነን፤ ማሽኑ የኛ ነው። ልጅቱም የኛ ናት። አንች፣ ያን ካርቶን ተይው።»

ፀደንያ ካርቶኑን መፈለጉን ትታ ወደ ማሽኑ ተመለሰች። ደጀኔ ግን ይህን ያህል ጊዜ የቻለው ራሱ ተአምር ነው። «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ…» ብሎ ጀመረው፤ «ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለውን ጉባኤው አብሮ ጨረሰለት። አያ ክንዱም ሳቃቸው መጣ። ውርደት እንዲህ ቀላል መሆኑን ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም።

አዲሱ ካርድ ሲታደል መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ወስፌ ያለውን ሰው ሁሉ አስጠነቀቁ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ማንም አይመጣም ብለው ነበር። ደጀኔ ራሱ ማልዶ መጥቶ «አያ፣ በሬ ልገዛ ነው» አላቸው። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ገበያው ውስጥ አንድ ቀይ ቦቃ በሬ አገኙ፤ ጥርሱን ገለጡ፣ ሻኛውን ጨበጡ፣ አንሾካሾኩለት። እንከን የለውም። «ጥሩ ነው» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ያ ሁሉ የተበሳ ካርድ ትዝ አላቸው።

«ጥሩ… ይመስለኛል» አሉ።

ደጀኔ ክው አለ። «ይመስለኛል?»

«አዎን፣ ይመስለኛል።»

ደጀኔ ገንዘቡን ወደ ብብቱ መለሰና በሬውን ተወው። ወዲያው ሌላ ሰው ገዝቶ ነዳው።

ያ ሌላ ሰው እርሻው ከሁለቱም እርሻ በታች ነው። ሰኞ ጠዋት ደጀኔና አያ ክንዱ ድንበር ላይ ቆመው ቀዩን ቦቃ አዩት፤ ሞፈሩን እንደ ላባ ይዞት ይሄዳል።

«ያስተዉኝ እርስዎ ነዎት» አለ ደጀኔ።

«ጥሩ ነው አላልኩህም?»

«ጥሩ ይመስለኛል ነው ያሉኝ። መምሰሉንማ ለእኔም መስሎኝ ነበር፤ ለዚህ ብዬ ነው እርስዎን ከእንቅልፍዎ የምቀሰቅስዎ?»

አያ ክንዱ በሬው ትልሙን ጨርሶ ሲዞር አዩት፤ «ጥሩ ነው» አሉ።