ወተት የሌለበት ቅንጬ

ሥራ በጀመርሁበት ቀን በእርዳታ ጣቢያው ወጥ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን፦ ግምጃ ቤቱን የያዙት አቶ ደምሴ፣ ነርሷ ሲስተር ፀሐይ፣ ውሃ በአህያ የሚያመጣልን ቦሩ፣ ዋና ወጥ ሠሪዋ እትዬ ሎኮ፣ ረዳት ሆኜ የተቀጠርሁት እኔ፣ እና በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ የተቀመጠች ቱሜ የምትባል ልጅ። ቱሜ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከመጣች ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

ቦታው ነገሌ ከተማ ዳር ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ድርቁ ከብታቸውን የጨረሰባቸው ሰዎች እዚያ ሰፍረው ነበር። የቱሜ እናት መንገድ ላይ ሞታለች። አጎቷ ጉዮ ልጅቷን ለእኛ ትቶ፣ የተረፈ ከብት ካለ ሊያይ ሄዷል።

እኔ ያደግሁት ቦሬ ነው፤ ደገኛ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ባለቤቴ ታሞ ሲሞትብኝ ልጄን ሰላምን ይዤ ነገሌ ቀረሁ፤ በከተማው ዘመድ የለኝም። ሰላምን ቀን ቀን ጎረቤት እተዋታለሁ። ሰዎቹ በሰፈሩበት ኩፍኝ ስለነበር፣ ስመለስ ልብሴን ለውጬ እስከ ክርኔ በሳሙና ሳልታጠብ አላቅፋትም። ጎረቤቴ «ልጅሽን እንደ ባዳ ነው የምትቀበያት» ትለኝ ነበር።

ሥራችን ቅንጬ ነው። ሌላ ምግብ የለም። የእርዳታ ስንዴ በጆንያ ይመጣል። በሰፌድ ይበጠራል፣ ጠጠሩ ይለቀማል። ውሃ አርከፍክፈን በሙቀጫ እንሸከሽከዋለን፤ ገለፈቱ ለቦሩ አህያ ይሰጣል። ከደረቀ በኋላ በድንጋይ ወፍጮ ይከካል። ውሃው ከጨው ጋር ሲፈላ ክኩ ይጨመራል፤ እስኪወፍር ማማሰያው አይቆምም። ከዚያ እሳቱ ይቀነሳል፣ ድስቱ ይከደናል። በደህና ዘመን ቅቤ የሚገባበት ነው፤ እኛ የጣሳ ዘይት እናንጠባጥብበታለን።

ያን ቀን ጠጠር ስለቅም ቦሩ ጀሪካኑን እንደያዘ ቆሞ አየኝና፣ «ኢንታላ፣ ለየአንዳንዱ ስም ልታወጪለት ነው እንዴ?» አለኝ። ኢንታላ ማለት አንቺ ልጅ ነው።

«ተዋት፤ ጠጠር ጥርስህን ቢመታህ መጀመሪያ የምትጮኸው አንተ ነህ» አለችው እትዬ ሎኮ።

ሌሎቹ ልጆች በሉ። ቱሜ ግን ሳህኑን በእጇ ጀርባ ገፋችው። አቅጥኜ ሰጠኋት፣ ስኳር ጨመርሁበት፤ አፏን በሻሿ ሸፈነች። ሲስተር ፀሐይ ስኳርና ጨው የገባበት ውሃ በማንኪያ ታጠጣት ነበር። «ይኼ ብቻውን አያቆማትም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ካልበላች አትቆይልንም።» የዱቄት ወተቱ ካለቀ ሰንብቷል። አቶ ደምሴን በጠየቅናቸው ቁጥር «መኪናው ተነሥቷል» ይሉናል።

«እትዬ ሎኮ፣ ምን ልጨምርበት?» አልሁ።

«ወተት።»

«ወተት ከየት ይመጣል?»

«እኔ መች ይመጣል አልሁ? የቦረና ልጅ እህልን የምታውቀው ከወተት ጋር ነው። ይኼ ለእሷ የአህያ መኖ ነው።»

«አህያዬ እንኳ በዘይት አትበላም» አለ ቦሩ።

በማግስቱ እትዬ ሎኮ ከቤቷ የወተት ዕቃዋን ይዛ መጣች። ጎርፋ ይሉታል፤ ከተክል ሥሮች የተጠለፈ፣ በጭስ ብዛት የጠቆረ ነው። ቦሩን የወይራ ፍላጭ አስመጣችና ልታጥነው ተቀመጠች። ወተት ዕቃ ማጠን እኛም አገር አለ፤ ወተት በሌለበት ሲታጠን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ሲስተር ፀሐይ ደርሳ ጎርፋውን ወደ ውስጥ አየች።

«ይኼ ውስጡ አይታጠብም፤ አይሆንም።»

«እኔን ያሳደገኝ ዕቃ ነው።»

«አንቱ ጠግበው ነው ያደጉበት፣ እትዬ። የእሷ ሆድ ባዶ ነው፤ ትንሽ ቆሻሻ ይገድላታል።»

እትዬ ሎኮ ተቆጣች፤ ጎርፋውን ግን አስቀመጠች። ሲስተር ራሷ ክዳን ያለው ትንሽ ድስት በፈላ ውሃ አጥባ አምጥታ «በዚህ እጠኑ» አለች። ድስቱን በፍሙ ላይ ደፍተን ጭሱን አጠጣነው። እኔ ቅንጬውን አቅጥኜ ገለበጥሁበት፤ ከድነን ጠበቅን።

ክዳኑን ስናነሣ ቱሜ ሻሿን ከአፏ አወረደች።

«አነን?» አለች። ወተት ማለቷ ነው።

እትዬ ሎኮ ማንኪያውን አቀረበችላት። በላች። ሁለተኛውንም በላች። ከዚያ በኦሮምኛ «ላሟ የማን ናት?» ብላ ጠየቀች።

እኔ ወደ እሳቱ ዞርሁ። ቦሩ አህያዋን ሊያይ ወጣ።

«የእናንተ ናት» አለቻት እትዬ ሎኮ። «ፎራ ናት።» ፎራ ማለት ግጦሽ ፍለጋ ከመንደር ርቆ የሚነዳው መንጋ ነው። ቱሜ አፏን እንደገና ከፈተች።

ኋላ ዕቃ ስናጥብ «እትዬ፣ ላሟ ሞታ ቢሆንስ?» አልኋት።

«ፎራ ያለ ከብት ሰው ሄዶ እስኪያየው አልሞተም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ድስቱን በየቀኑ አጠንን። ቱሜም በየቀኑ ስለ ላሟ ታወራለች። ቀይ ናት፣ ግንባሯ ነጭ ነው፣ ስትታለብ ትራገጣለች። እትዬ ሎኮ «እሺ» ብቻ ትላታለች። ልጅቷ መራመድ ጀመረች፤ እሳቴ አጠገብ መቀመጥ አበዛች። ከሰላም ይልቅ እሷን የማቅፍበት ሰዓት ይበዛ ነበር።

መኪናው በመጨረሻ የዱቄት ወተት ይዞ መጣ። አቶ ደምሴ ራሳቸው እንደወለዱት ነው የተቀበሉት። ቱሜ ቀምሳ «ይኼ የሌላ ላም ነው» ብላ መለሰችው። እሱንም በታጠነው ድስት ሰጠናት፤ ጠጣች። አቶ ደምሴ «መንግሥት ለውጠን ይቺን ልጅ መለወጥ አቃተን» አሉ።

ዝናብ ሲዘንብ ጉዮ መጣ። የያዘው በትሩን ብቻ ነው። ከእትዬ ሎኮ ጋር ናጋ ናጋ እያሉ ሰላምታ ተለዋውጠው ሳይጨርሱ ቱሜ ሮጣ እግሩን ያዘችና ላሟ ፎራ እንደሆነች፣ ወተቷን ስትበላ እንደሰነበተች ነገረችው።

ጉዮ ቀና ብሎ «ፎራ ናት ያላት ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ሎኮ።

«እኔ የምመጣው ከፎራ ነው» አለ። እዚያ ምን ትቶ እንደመጣ የጠየቀው ሰው የለም።

እትዬ ሎኮ ልጅቷ ትንሽ ትሰንብት ብላ ለመነችው። ዋጪሌ ዘመድ እንዳላቸው ተናግሮ እምቢ አለ። የተከካ ስንዴ በጨርቅ ቋጠርሁለትና ድስቱ እንዴት እንደሚታጠን አሳየሁት። መድኃኒት እንደሚቀበል ሰው ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ቱሜ እጁን ይዛ ትጎትተው ነበር፤ ላሟን ለማየት ቸኩላለች። እኔን ዞራ አላየችኝም።

ጣቢያው ከተዘጋ በኋላ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራሁ። ሻኪሶ ወርቅ ለሚቆፍሩ ሰዎች ምግብ አበስያለሁ፤ ቅንጬ ባቀርብላቸው «ድርቅ መጣ እንዴ?» እያሉ ይስቁ ነበር። ኋላ ነገሌ ተመልሼ በትምህርት ቤቱ ዋና ወጥ ሠሪ ሆንሁ። እትዬ ሎኮ ሞታለች። ሲስተር ፀሐይ ከተዛወረች ወዲህ አላየኋትም። ሰላም ቡሌ ሆራ ወልዳ ከብዳለች፤ በስልክ «እማዬ፣ በላሽ?» ትለኛለች፤ በልቻለሁ እላታለሁ። ለአንድ ሰው የሚሆን ቅንጬ መጣድ እስካሁን አልቻልሁበትም። ይተርፋል፤ በማግስቱ አሙቄ እቀምሰዋለሁ።

ቱሜ ዋጪሌ ደርሳ ላሟን ስታጣ ምን እንዳለች አላውቅም። እትዬ ሎኮ በሕይወት ሳለች አንድ ጊዜ ነገሩን አንሥቼባት «ባንላት ኖሮ ዋጪሌም አትደርስም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን እናት ነኝ፤ ላሟን ያጣች ቀን እህል ቀምሳ እንደሆነ ነው የማስበው።

ሙያውን ለሚጀምሩ የምለው ይኼን ነው፦ ድስት ከመጣዳችሁ በፊት፣ የምታበስሉለት ሰው ቤቱ ሳለ ምን ይበላ እንደነበር ጠይቁ። ጠጠሩንም ልቀሙ።

ቱሜ በሕይወት ካለች ዛሬ የልጆች እናት ናት። በግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት። አጎቷ ጉዮ ይባላል፤ የወሰዳት ወደ ዋጪሌ ነው። የሚያውቃት ሰው ካለ፣ ወደ ነገሌ በሚመጣ ሰው ወሬዋን ይላክልኝ።