ዳገት ላይ የታፈነ ሞተር

ሞተር ይተነፍሳል ስል የሚስቁብኝ ሰዎች አሉ። ይሳቁ። እንደኔ አሮጌ ፒካፕ ይዘው ከደብረ ብርሃን አሊዩ አምባ ወርደው ቢወጡ ሳቁ ይቀርላቸው ነበር። የፒስተኑ ፋሻ፣ ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት፣ ሲያልቅ ላይ መንደድ ያለበት ጋዝ በጎን ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። እዚያ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ መውጫ ይፈልጋል። መውጫው አንዲት የጎማ ቱቦ ናት፤ መተንፈሻው እሷ ናት። የኔ መኪና በዚያች ቱቦ እንደ እርጥብ ኩበት ታጨስ ነበር፤ ከጭሱም ጋር ዘይቷን ትተፋለች።

ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር "ሞተሩን አውርደህ አሠራው" ይሉኛል። አውርጄስ? እሱ ጋራዥ ተጋድሞ ሲከርም ልጆቼ ምን ይብሉ? የራሴን መላ መታሁ። ባትሪው አጠገብ ጀሪካን አሰርኩና የቱቦዋን ጫፍ እዚያ ውስጥ አስገባሁ፤ አየሩ እንዲወጣ አፉን ክፍት ተውኩት። የተፋችውን ዘይት እያጣራሁ መልሼ አጠጣታለሁ። ሽታው ግን ጋቢና ድረስ ይገባል። ተሳፋሪ ሲያማርር መስኮት ክፈቱ እላለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

እናቴ ደግሞ ክፍት ነገር አትወድም። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያረጀች ሴት ናት፣ ውርጩን ታውቀዋለች። ቤቷ ውስጥ የበሩ ስንጥቅ፣ የመስኮቱ ዳር፣ የቁልፉ ቀዳዳ ሳይቀር በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ የተወተፈ ነው። መንገድ ስትወጣም ቁራጭና ሲባጎ ከዘንቢሏ አይጠፋም። "ብርድና ሌባ የሚገባው በቀዳዳ ነው" ትላለች።

ታናሽ እህቴ አሊዩ አምባ አካባቢ አግብታ ነበር። ለመጀመሪያ ልጇ እናቴ ወርዳ ከጎኗ ሰነበተች፤ ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል። እኔ ዕቃ አድርሼ ልጠይቃት ጎራ ባልኩበት ቀን ምጡ ጠናባት፤ ደምም ይፈሳት ጀመር። ጤና ጣቢያው በቶሎ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ውሰዷት አለ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተናት፣ ራሷን እናቴ ጭን ላይ አድርጋ ተነሣን።

ያን ዳገት የወጣበት ያውቀዋል። ግማሽ ላይ የራዲያተሩ ውሃ ፈላ። አቁሜ ኮፈኑን ከፈትኩና ውሃ ልቀዳ ወደ ምንጩ ወረድኩ። እህቴ ከጭሱ ሽታ የተነሣ ታስመልስ ነበር። "ይሄ ጭስ ልጄን ሊገድልብኝ ነው" ስትል እናቴን ከኋላዬ ሰማኋት። ተመልሼ ውሃውን ሞላሁ፣ ኮፈኑን ዘጋሁ፣ ነዳሁ። ጥድፊያ ላይ ነኝ፤ ባትሪው ወዳለበት ጥግ ማን ያያል።

ሽታው ጠፋ። እናቴ "እፎይ፣ አሁን ረጋችልኝ" አለች። እኔም ደስ አለኝ።

ጥቂት ጠመዝማዛ እንዳለፍን ኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ፈነዳ። ጭስ መስታወቱን ጋረደው፤ ቀዩ የዘይት መብራት በራ፤ ሞተሩ ተንጓጓና ቀጥ አለ። ወርጄ ስከፍተው የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተወርውሯል። ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ ፓራኦሊ የምንለው፣ ተገንጥሎ ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ፈሷል። መተንፈሻ ቱቦዋ ከጀሪካኑ ወጥታለች፤ አፏ በብርድ ልብስ ቁራጭ ተወትፎ በሲባጎ ተጠፍሯል። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ሁለቴ ማየት አላስፈለገኝም። ትንፋሹ መውጫ ሲያጣ ሞተሩን ከውስጥ በጥሶት ወጥቷል። ቁራጩን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት።

"ምን ሆነ?" አለችኝ እናቴ በመስኮቱ።

"አርጅታለች፣ እማዬ። መኪናዋ አለቀላት።"

የሚያልፍ መኪና ስንጠብቅ ጉሙ ወረደብን። እህቴ እጄን ይዛ "ጋሼ፣ ደረስን?" ትለኛለች። "ደርሰናል" እላታለሁ። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ጫነን። አንኮበር ሳንገባ አረፈች፤ ሕፃኑም ከሆዷ ሳይወጣ አብሯት ሄደ። ሹፌሩ የአሊዩ አምባ ሰው ነበር፤ "ኢና ሊላሂ" ብሎ መኪናውን ዳር አቆመ።

ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እናቴ እህል እምቢ አለች። ውሃ በግድ ነው የምትቀምሰው። ለቀስተኛ በገባ ቁጥር "ልጄን የገደላት የሱ ቆርቆሮ ነው፤ አሠራው ሲሉት አልሰማም ብሎ" ትላለች። ዘመድ ዓይኔን ማየት ሸሸ። አልዋሽም፣ ተናድጄ ልነግራት አፌን የከፈትኩበት ቀን ነበር። ፊቷን ሳየው አንጀቴን በላችው። እንዲያው ምን ብዬ ነው የምነግራት? የሞተ ልጅ ላይ ይህን ጨምሮ እናት ትኖራለች? ለንስሐ አባታችን እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

አርባዋ ሳይደርስ የንስሐ አባታችን ሽማግሌ ይዘው መጡ፤ ታረቁ አሉን። የአገሩ ወግ የታወቀ ነው፤ የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበደለው እግር ሥር ይወድቃል። ከጓሮ ድንጋይ አነሣሁ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ተንበረከኩ። "እማዬ፣ ማሪኝ" አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባ "ለእግዚአብሔር ብለሽ" አሏት። ድንጋዩን ከትከሻዬ አወረደች፤ ግንባሬን ሳመችኝ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች። "አውቀህ አላደረግከውም፣ ልጄ።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ቀብሩ ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። ሽማግሌዎቹ ጸጸት መስሏቸው ጀርባዬን እየመቱ አይዞህ አሉኝ። እናቴ ጎረቤት ያመጣላትን እንጀራ አስቀረበች፤ ቆርሳ ቀመሰች፣ ደግማ ቆረሰች። ሦስተኛውን ጠቅልላ ወደኔ ዘረጋችው። ጎረስኩላት።